«ቀላል ኦፕራሲዮን ነው»፦ በሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ለታካሚ የሚነገረውና ሳይነገር የሚቀረው

የሐሞት ጠጠር ተገኝቶበት ለቀዶ ሕክምና የሚቀጠር ታካሚ ከሐኪሙ ከሰማቸው ቃላት ሁሉ ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደው «ቀላል ኦፕራሲዮን ነው» የሚለውን ነው። ቃሉ በቅን ልቦና የሚነገር ነው። ተመላላሽ ክፍሉ በተራ ጠባቂ ተጨናንቆ ሳለ፣ አንድ ሐኪም በግማሽ ቀን ውስጥ ብዙ ሕመምተኞችን ማየት ሲኖርበት፣ ፍርሃት የገባትን እናት ለማረጋጋት ከዚህ ያጠረ ቃል አይገኝም። ደግሞም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሌላ ከባድ ሕመም በሌለባቸው ታካሚዎች ላይ በቀጠሮ ሲሠራ የሞት አደጋው እጅግ አነስተኛ ነው፤ አብዛኞቹም በደኅና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሆኖም አንድ ቃል እውነትነት ስላለው ብቻ በቂ ምክር አይሆንም። «ቀላል ነው» የተባለ ሰው በአራተኛው ቀን ሆዱ ሲነፋና ትኩሳት ሲጀምረው ምን ብሎ ያስባል? ቀላል ነው ተብሏልና ያልፋል ብሎ ይጠብቃል። በዚህ ቀዶ ሕክምና ደግሞ እጅግ አደገኛው ነገር ይኸው መጠበቅ ነው። ለታካሚው አስቀድሞ የሚነገረው ነገር የመልካም ጠባይ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው፤ እንደ ስፌቱና እንደ ቋጠሮው ሁሉ የቀዶ ሕክምናው አንድ አካል ነውና።

በአማርኛ «ሐሞት» የአካል ክፍል ስም ብቻ አይደለም። ቆራጡ «ሐሞተ ኮስታራ»፣ ፈሪው «ሐሞተ ቢስ» ይባላል፤ የደነገጠም «ሐሞቴ ፈሰሰ» ይላል። ስለዚህ «ሐሞትዎ ይወጣል» የተባሉ ሴት ሐኪሙ ካሰበው በላይ ብዙ ነገር ሊሰሙ ይችላሉ። «ያለ ሐሞት ይኖራል ወይ?» የሚለው ጥያቄም በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። የሚወጣው ሐሞቱ ሳይሆን ማጠራቀሚያው መሆኑን፣ ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ማመንጨቱን እንደማያቆም፣ ከረጢቱ ግን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ እንደሚይዝ ማስረዳት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ፈረስና ግመል ከፍጥረታቸው የሐሞት ከረጢት የላቸውም፤ ለገበሬውና ለአርብቶ አደሩ ይህን መንገር ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ይልቅ ያሳምናል።

ያነሰው ቁስሉ ነው

የሐሞት ከረጢትን በቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ጀርመናዊው ካርል ላንገንቡክ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1882 በበርሊን ላዛረስ ሆስፒታል የቀደደው ታካሚ ለ16 ዓመታት በቁርጠት የተሠቃየ የ43 ዓመት ሰው ነበር። ከረጢቱ መውጣት ያለበት ጠጠር ስለያዘ ብቻ ሳይሆን ጠጠር ስለሚፈጥር ነው የሚለው የላንገንቡክ ሐሳብ ዛሬም የሕክምናው መሠረት ነው። ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀዶ ሕክምናው የሚከናወነው ከቀኝ ጎድን ሥር በሚቀደድ ሰፊ ቁስል ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1985 ሌላው ጀርመናዊ ኤሪክ ሙሄ በቦብሊንገን ከተማ በላፓራስኮፒ አማካይነት አወጣው። በተከታዩ ዓመት ውጤቱን ለአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ባቀረበ ጊዜ የጠበቀው ሙገሳ ሳይሆን ፌዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሙሬ በሊዮን ከተማ በቪዲዮ እየታገዘ ከሠራው በኋላ ግን ዘዴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የፍጥነቱ አንዱ ምክንያት ታካሚዎች ራሳቸው መጠየቃቸው ነው፤ ትንሽ ቁስልና በማግሥቱ ወደ ቤት መሄድን የማይሻ የለም።

«ቀላል» የሚለው ቃል ሥር የሰደደው በዚህ ጊዜ ነው ቢባል አያሳስትም። ነገር ግን ያነሰው ቁስሉ እንጂ ኦፕራሲዮኑ አይደለም። ከቆዳው ሥር ያለው ሥራ ላንገንቡክ ከሠራው በመሠረቱ አይለይም፤ ያው ከረጢት፣ ያው ቀጭን ቱቦ፣ ያው ደም ሥር፣ ከአጠገቡም ያው ዋናው የሐሞት ቱቦ። ይህ ቱቦ በክፍት ቀዶ ሕክምና ከሺህ ታካሚዎች በአንድ ወይም በሁለት ላይ ጉዳት ሲደርስበት፣ ላፓራስኮፒ በተስፋፋበት ዘመን ከሺህ ከሦስት እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ ደርሷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት 252 የቱቦ ጉዳቶች ሲመረመሩ ከመቶ 97ቱ መነሻቸው የእጅ ብልሃት ማነስ ሳይሆን የዐይን መታለል ሆኖ ተገኝቷል። ቀዶ ሐኪሙ ዋናውን ቱቦ የከረጢቱ ቱቦ መስሎት በልበ ሙሉነት ቆርጦታል ማለት ነው። ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1995 ስቲቨን ስትራስበርግና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ደንብ ዛሬ በየማሠልጠኛው ይነገራል። በከረጢቱ አንገትና በጉበት መካከል ያለው ስብና ጅማት ተጠርጎ፣ የከረጢቱ የታችኛው ክፍል ከጉበት አልጋው ተላቆ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ እስኪታዩ ድረስ ምንም አይቆረጥም።

ለታካሚ የሚነገረው ቃል ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? በእጅጉ ያገናኘዋል። እብጠቱና ጠባሳው መልክአ ምድሩን ባበላሸበት ሆድ ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ማየት ካልቻለ ብልሃቱ ማቆም ነው። ወይ ሆዱን በሰፊው ይከፍታል፣ ወይ ከረጢቱን በከፊል ብቻ ያወጣል፣ ወይም ፍሳሽ ማውጫ አስገብቶ ለሌላ ቀን ያስተላልፋል። ታካሚው ግን «አራት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ይወጣሉ» ተብሎ ከሆነ የገባው፣ ሲነቃ ሰፊ ቁስል ማየቱን እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል፤ ቤተሰቡም እንዲሁ። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ያ የተመላላሽ ክፍል ቃል ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተከትሎት ይገባና «ትንሽ ልሞክር» ያሰኘዋል። አስቀድሞ «በቀዳዳ እንጀምራለን፤ ለእርስዎ ደኅንነት ካስፈለገ ግን እንከፍታለን፤ ከከፈትን ጥንቃቄ አደረግን ማለት እንጂ ተበላሸ ማለት አይደለም» ብሎ የተናገረ ሐኪም ግን እጁን ነጻ አድርጎ ይገባል። በአገራችን ላፓራስኮፒ ያላቸው ተቋማት ጥቂቶች ናቸው፤ በብዙ ሆስፒታሎች ሥራው ዛሬም በክፍት ቀዶ ሕክምና ይከናወናል። በክፍት የሚሠራው ሐኪም ደግሞ ከከተማ የመጣውን ወሬ ሳያርም «ቀላል ነው» ሲል ታካሚው የሚጠብቀው ሌላ፣ የሚገጥመው ሌላ ይሆናል። በላፓራስኮፒ የተሠራ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ሥራው ሲመለስ፣ በክፍት የተሠራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ዕቃ ማንሣት የለበትም። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ፣ ሊጥ አቡክታ ለምታድር ሴት ይህ ልዩነት የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ማን ይተካታል የሚለው ከቀጠሮው በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

የኤደን ቱቦ

በዚህ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሙ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ያልሆነ አንድ ታካሚ አለ። አንቶኒ ኤደን በጣሊያን ወረራ ዘመን የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941ም በአገሩ ፓርላማ ፊት ቆሞ መንግሥቱ የነጻይቱን ኢትዮጵያ ዳግም መነሣት በደስታ እንደሚቀበል ያስታወቀ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1953፣ ዳግም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ፣ በለንደን የሐሞት ከረጢቱ ወጣ። በዚህ ሥራ የበለጠ ልምድ ያለው ሐኪም እንዲመርጥ ተመክሮ ነበር፤ እርሱ ግን ቀደም ሲል ትርፍ አንጀቱን ያወጣለትን ሐኪም መረጠ። ቱቦው ተጎዳ። ሐሞት ፈሰሰ፤ ትኩሳትና የዐይን ቢጫነት ተከተሉ። በዚያው ወር መጨረሻ እንደገና ተቀደደ። በጁን ወር ደግሞ ወደ ቦስተን ተወስዶ በዚህ ዓይነት ጥገና ስመ ጥር በነበረው በሪቻርድ ካቴል እጅ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ። የቱቦው ጣጣ ግን በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1956 የስዌዝ ቀውስ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤደን ትኩሳቱ 41 ዲግሪ ደርሶ ሆስፒታል ተኛ፤ በጃንዋሪ 1957 በጤና ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመትና በ1970 ደግሞ እንደገና ቀዶ ሕክምና አስፈለገው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሲያነሡ ሕመሙ በስዌዝ ውሳኔው ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ይከራከሩበታል። የቀዶ ሕክምና መምህራን ደግሞ የአናቶሚ ትምህርት ያደርጉታል። ለጤና ባለሙያው ግን ሦስተኛ ቁም ነገር አለው። ኤደን ቱቦው በተጎዳበት ሳምንት የተኛው ሐኪሞች በከበቡት አልጋ ላይ ነበር። ትኩሳቱን የሚለካ፣ ከቁስሉ የሚወጣውን የሚያይ፣ ዐይኑ ቢጫ መሆኑን የሚያስተውል ባለሙያ ቀንና ሌሊት አጠገቡ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጉዳቱ ያስከተለበት መዘዝ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የዛሬዋ ታካሚ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ከቱቦ ጉዳቶች መካከል በኦፕራሲዮኑ ሰዓት የሚታወቁት ከሲሶ የማይበልጡ ስለሆኑ፣ የሚበዙት ምልክታቸውን የሚያሳዩት እርሷ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ለኤደን ነርሶቹና ሐኪሞቹ የሠሩለትን ሥራ ለዛሬዋ ታካሚ የሚሠራላት ማን ነው? ራሷ ናት፤ ካጠገቧ ያለው ቤተሰብ ነው፤ በቀበሌዋ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እነርሱ ደግሞ የሚያዩት እንዲያዩ የተነገራቸውን ብቻ ነው።

የትኛው ሕመም ነው የሚድነው?

ከደኅንነቱ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ምናልባትም ታካሚው አብልጦ የሚያስበው፣ «ሕመሜ ይጠፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የተለመደው መልስ «አዎን፣ ከሥሩ ይነቀላል» ነው። መልሱ ለአንዳንዱ እውነት ሲሆን ለአንዳንዱ አይደለም። እውነተኛው የሐሞት ቁርጠት መልኩ የታወቀ ነው፤ በእንብርት በላይ ወይም በቀኝ ጎድን ሥር ይነሣል፣ እየበረታ ሄዶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይጸናል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ከዚያም ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይጠፋል። ከረጢቱ ሲወጣ የሚጠፋው ይህ ነው። በየቀኑ የሚመላለሰው ቃር፣ የምግብ መጉላላት፣ መነፋትና ግሣት ግን በአብዛኛው የጠጠሩ ሥራ አይደለም። ሕዝባችን በአንድነት «ጨጓራ» ብሎ የሚጠራው የሕመም ስብስብ በከፊሉ በሔሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በከፊሉ በሌላ የአንጀት ችግር የሚመጣ ነው፤ ከጠጠር ጋር በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም።

በኔዘርላንድ በ24 ሆስፒታሎች 1067 ታካሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት በዚህ ረገድ አስደንጋጭ ነው። በአንዱ ወገን ቀዶ ሕክምናው እንደተለመደው በሐኪሙ ውሳኔ፣ በሌላው ወገን ቁርጠቱ የተወሰኑ መመዘኛዎችን ሲያሟላ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ከሕመም ነጻ የሆኑት በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 60፣ በሁለተኛው ከመቶ 56 ነበሩ። በሁለቱም ወገን አብዛኞቹ ከረጢታቸው ወጥቶላቸው ሳለ ከአሥር አራት ያህሉ ሆዳቸውን አሁንም ያማቸዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ እብጠት ወይም ሌላ ችግር ሳያስከትል ቁርጠት ብቻ ያመጣባቸውን 434 ታካሚዎች ተከታትሎ፣ ቀዶ ሕክምና በተመደበላቸውና በማስታገሻና በምክር እንዲቆዩ በተደረጉት መካከል በ18 ወራት ውስጥ በሕመም ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ ከኋለኞቹም በዚያ ጊዜ ውስጥ የተቀደዱት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት አምቡላንስ ደጅ ላይ በሚደርስበት አገር ነው። ከረጢቱ በድንገት ቢያብጥ ሆስፒታል ለመድረስ የአንድ ቀን መንገድ ለሚጠብቃት ታካሚ «ጠብቂ» የሚለው ምክር እንዳለ ሊገለበጥ አይገባውም። ሊገለበጥ የሚገባው ጥያቄው ነው፦ ይህች ታካሚ የሚያማት የቱ ነው? ከረጢቱ ሲወጣ የሚቀርላት የቱ ነው? አብሯት የሚቀረውስ?

አልትራሳውንድ በየከተማው የግል ክሊኒክ መግባቱ ትልቅ በረከት ቢሆንም ጥያቄውን አባብሶታል። ለሌላ ጉዳይ ሆዱ የታየ ሰው ጠጠር ይገኝበትና ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛ ይሆናል። ምንም ምልክት ካልነበራቸው የጠጠር ባለቤቶች መካከል በዓመት ምልክት የሚጀምራቸው ከመቶ ከአንድ እስከ አራት ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና በተለምዶ አይመከርም። ወረቀቱን ይዞ የመጣውን ሰው ግን «ጠጠር አለብዎት፤ ይሁን እንጂ አይነካም» ብሎ መሸኘት ከማውጣት ይልቅ ብዙ ንግግር ይጠይቃል። በዚህም የተነሣ አንዳንዱ ከረጢት የሚወጣው ንግግር ለማሳጠር ይመስላል።

ከአልጋው እስከ አውቶቡሱ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቀውን በተመለከተ ብዙ መዘርዘር አያሻም። ለላፓራስኮፒ ሆዱ በጋዝ ስለሚነፋ፣ የድያፍራም ነርቭ በመቆጣቱ ትከሻን የሚወጋ ሕመም ይኖራል፤ ይህን ያልተነገረው ታካሚ ልቡ የታመመ ይመስለዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠፋል። ማቅለሽለሽ በመጀመሪያው ቀን የተለመደ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው አንድ መለኪያ አለ፦ ዛሬ ከትናንት መሻል አለበት። ሕመሙ በየቀኑ ሊቀንስ፣ ምግቡ በየቀኑ ሊሻለው፣ እርምጃው በየቀኑ ሊበረታ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ከሁለተኛው የባሰ ታካሚ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ችግር እንዳለበት መቆጠር አለበት። ይህ መለኪያ ማንበብ አይጠይቅም፤ ቴርሞሜትርም አያስፈልገውም።

የጤና ጣቢያው ባለሙያ በተለይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ ወደ ሆድ ዕቃ የፈሰሰ ሐሞት ሁልጊዜ እንደ ተቀደደ አንጀት በኃይል አለመናገሩ ነው። ተሕዋስያን ያልገቡበት ሐሞት ለቀናት በዝምታ ሊጠራቀም ይችላል። ሆዱ ትንሽ ይነፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ትኩሳቱ ዝቅ ያለ ይሆናል፣ ሆድ ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ አይጠነክርም። በዚህ ሰዓት የሚመጣ ታካሚ ብዙ ጊዜ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል፣ «የቁስል ነው» ተብሎ ፀረ ተሕዋስያን ይሰጠዋል፤ ሁለቱም ቀን ያስበላሉ። ቱቦው በክሊፕ የታነቀ እንደሆነ ወይም ጠጠር ወደ ዋናው ቱቦ ወርዶ ቀርቶ እንደሆነ ደግሞ ዐይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል። ይህ መልክ በአገሩ ስም አለው፤ «የወፍ በሽታ» ነው። ለወፍ በሽታ ደግሞ የሚታወቅ የሀገር መድኃኒት ያለው ሰው በየአካባቢው አይጠፋም። ታካሚዋ ወደ ቆራጭዋ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሥር ማሹ ብትሄድ ያልተማረች ስለሆነች አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናውና የዐይኗ ቢጫነት ይገናኛሉ ያላት ሰው ስለሌለ ነው። «ዐይንዎ ቢጫ ቢሆን የወፍ በሽታ ነው ብለው እንዳይቆዩ፤ በዚያው ቀን ይምጡ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ዘግይቶ የተገኘ የቱቦ ጉዳት ጥገናው ይከብዳል፣ የጉበት መመረዝንም ያስከትላል። ጠጠርን በአፍ በኩል በሚገባ መሣሪያ የሚያወጡ ማዕከላትም በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ የአንድ ቀን መዘግየት በሪፈራሉ መንገድ ላይ ብዙ ቀን ይሆናል።

አሁን ደግሞ ታካሚዋ ከክልል ከተማ ወደ አዲስ አበባ መጥታ፣ ዘመድ ቤት አርፋ፣ ተሠርታ፣ በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ የምትመለስ ናት እንበል። በእጇ ያለው የመውጫ ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የሚለውም በአብዛኛው የኦፕራሲዮኑን ስም፣ «በመልካም ሁኔታ ወጥታለች» የሚልና የመድኃኒት ዝርዝር ነው። እርሷ አታነበውም። የሚያነበው የጤና መኮንን ደግሞ ከረጢቱ አብጦ ነበር ወይ፣ ሥራው አስቸጋሪ ነበር ወይ፣ ቱቦው በደንብ ታይቶ ነበር ወይ የሚለውን ከወረቀቱ አያገኝም። ስልክ ቁጥርም የለውም። ወረቀቱ ለሬጂስትራር የተጻፈ እንጂ ለሚቀጥለው ባለሙያ የተጻፈ አይደለም። ከግርጌው በታካሚዋ ቋንቋ ሦስት መስመር ቢጨመርበት፣ ማለትም ምን ካየች እንድትመለስ፣ ወዴት እንድትመለስ፣ ለማን እንደምትደውል ቢጻፍበት፣ ወጪው የቀለም ብቻ ነው።

ስለ ምግብ የሚነገረው ደግሞ ከመጠን በላይ ነው። «ቅቤ ዕድሜ ልክ ክልክል ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ በየዋርዱ ይሰማል፤ መሠረት የለውም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በስብ የበለጸገ ምግብ ከረጢቱን በኃይል ስለሚያኮማትረው ቁርጠት ይቀሰቅሳል፤ ሁለት ወር በሽሮና በጎመን ከጾሙ በኋላ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡ ሲቀርብ የሚነሣው ሕመም ከዚህ የተነሣ ነው። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ግን ሐሞት ሳይጠራቀም ዘወትር ወደ አንጀት ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንዶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ለአብዛኞቹ ይስተካከላል፣ ለጥቂቶች ይቆያል፤ ለእነርሱም ሕክምና አለው። ከዚያ በኋላ በልክ የሚበላ ምግብ ሁሉ ይፈቀዳል። በዓል በመጣ ቁጥር ከማዕድ ተለይታ እንድትቀመጥ ያለ ምክንያት የተፈረደባት ሴት በሕክምናው የተጎዳች ናት።

ከማደንዘዣ በፊት ስለሚጾመው ጾምም እንዲሁ ግልጽ መሆን ያሻል። «ምንም እንዳትቀምሱ» የተባለ ምእመን በማለዳ ጸበል ጠጥቶ ሊመጣ ይችላል፤ በእርሱ ዘንድ ጸበል ከምግብ አይቆጠርምና። ጥርት ያለ ፈሳሽ እስከ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ እንደሚፈቀድ የማደንዘዣ ሕክምና መመሪያዎች ይቀበላሉ። ስለዚህ የሚጠየቀው በቁጣ ሳይሆን «ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ያህል?» ተብሎ ነው።

ፊርማው

የስምምነት ቅጹ የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ሊሆን ሲገባው ብዙ ጊዜ ለሆስፒታሉ መከላከያ የተዘጋጀ ወረቀት ሆኖ ይታያል። የሚፈርመው ወንድም ወይም ባል ነው፤ የሚነገረው በኮሪደር ነው፤ የሚነገርበት ቋንቋም የታካሚዋ ላይሆን ይችላል። ክፉ ዜናን ለቤተሰብ አስቀድሞ የመንገር ባሕላችን የራሱ ጥበብ አለው፤ ነገር ግን ከኦፕራሲዮን በኋላ በሌሊት ሆዷን የምትዳስሰው ወንድሟ ሳይሆን እርሷ ናት። ቤተሰቡ ይኑር፤ እርሷም ትኑር። ቀዶ ሐኪሙ ከተናገረ በኋላ «እስቲ አሁን ምን እንደምንሠራ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ከፊርማው የበለጠ ማስረጃ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ ሳይጠራ የሚመልሰው ሐኪሙ ሳይሆን የሌሊት ተረኛ ነርሷ ናት። ታካሚዋ በቀን ያፈረችውን ሁሉ የምትጠይቀው እርሷን ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ የተናገረውን ነርሷ ሳትሰማ መቅረቷ ታካሚዋን ሁለት ዓይነት ምክር ያስታቅፋታል።

በብዙ ሆስፒታሎች የወጡት ጠጠሮች በትንሽ ብልቃጥ ተደርገው ለታካሚው ይሰጣሉ። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ለጎረቤት ይታያል፣ ለልጅ ልጅ ይተረካል። ጠጠሮቹ የነበሩበት ከረጢት ግን ወደ ፓቶሎጂ መላኩን፣ በጥቂቶች ላይ ሳይታሰብ ካንሰር ሊገኝበት እንደሚችል፣ ውጤቱም ከሳምንታት በኋላ እንደሚደርስ የሚነገረው ታካሚ ጥቂት ነው። ብልቃጡን የተቀበለ ሰው ነገሩ አልቋል ብሎ ይሄዳል። የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ ከመዝገቡ ጋር ተጣብቆ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ታካሚውም ለቁስሉ እንጂ ለውጤቱ ቀጠሮ አልተሰጠውም።